ሮበርት ፌርቻይልድ፦ ከኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት ወደ ብሮድዌይ፣ ባሌት የሚሰጠውና የሚወስደው

ሰገነት (ክሩን የከፈተ)

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሮበርት ፌርቻይልድ በ1987 በዩታ ግዛት፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ተወለደ። ታላቅ እህቱ ሜጋን ከእሱ ቀድማ የኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት ፕሪንሲፓል (የመጨረሻው ማዕረግ፣ ዋና ዳንሰኛ) የሆነች ናት። እሱ ግን ወደ ባሌት የመጣው በጃዝና በታፕ (ብረት ባለው ጫማ ወለል እየመቱ በሚጨፍሩት) በኩል ነው። በልጅነቱ ልቡን የሰረቀው የ«አሜሪካዊ በፓሪስ» ፊልም ጨፋሪ ተዋናይ ጂን ኬሊ ነበር። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

የኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት መሥራችና ኮሪዮግራፈር (ጭፈራ ቀማሪ) ባላንሺን ባቋቋመው በስኩል ኦፍ አሜሪካን ባሌት ተማረ። በ2005 በለማጅነት ወደ ኩባንያው ገባ፤ በ2006 የኮር ደ ባሌ (በቡድን የሚጨፍሩት) አባል፣ በ2007 ሶሎይስት (ብቻውን የሚጨፍር)፣ በ2009 ፕሪንሲፓል ሆነ። ብዙ ጎበዝ ዳንሰኛ ከኮር ሳይወጣ ጫማውን በሚሰቅልበት ቤት በአራት ዓመት ላይ መድረስ ትልቅ ነገር ነው። የኩባንያው መሪ የነበረው ፒተር ማርቲንስ በ2007 አዲስ «ሮሚዮና ጁልየት» ሲሠራ ሮሚዮን የሰጠው ገና ኮር ውስጥ ለነበረው ለዚህ ልጅ ነው።

ከዚያ ክሪስቶፈር ዊልደን «አሜሪካዊ በፓሪስ»ን ለመድረክ ሊያዘጋጅ ተነሳ። እንግሊዛዊው ዊልደን ራሱ በዚያው በኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት የጨፈረ ነው። በዚህ ሥራ ዳይሬክተሩም ኮሪዮግራፈሩም እሱ ነበር። ትርዒቱ በዲሴምበር 2014 ፓሪስ ሻትሌ ቲያትር ታየ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 2015 በኒው ዮርክ የትልልቅ ቲያትሮች ሰፈር በብሮድዌይ፣ በፓላስ ቲያትር ተከፈተ። ፌርቻይልድ ጄሪ ሙሊጋንን (ፓሪስ የቀረውን አሜሪካዊ ወታደር)፣ ከለንደኑ ሮያል ባሌት የመጣችው ሊያን ኮፕ ሊዝን (የሚወዳትን ባለሪና) ሆነው ተጫወቱ። ትርዒቱ ለ12 የቶኒ (የብሮድዌይ ዋና) ሽልማቶች ታጭቶ 4 ወሰደ፦ በኮሪዮግራፊ፣ በኦርኬስትራ ቅንብር፣ በመድረክ ንድፍና በመብራት። ሁለቱ ዳንሰኞች በትወና ታጭተው ነበር፣ አልቀናቸውም። ፌርቻይልድ ግን በዚያው ዓመት የድራማ ዴስክን ሽልማት በሙዚቃዊ ቲያትር ምርጥ ተዋናይ ሆኖ ወስዷል። በማርች 2017 የለንደኑን ትርዒት በዶሚኒየን ቲያትር የከፈተው እሱው ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከባሌት ኩባንያው ተሰናበተ።

ለውይይት የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። «ባሌት የቻለ ሁሉን ይችላል» ይባላል። ለእግር እውነት ነው፤ ለዘፈን ትንፋሽ ግን ባሌት ምንም አይሰጥም፣ እንዲያውም ያለውን ይወስዳል። የፌርቻይልድ ታሪክ ትምህርት የሚሆነውም ዳንሰኛው ምን እንዳመጣ በማየት ብቻ አይደለም፤ ምን መጣል እንደነበረበት ስናይ ነው።

---

የአራት ኪሎ ልጅ

ሰገነት፣ ጥሩ ርዕስ ነው። ታሪኩ ግን ከፌርቻይልድ በጣም ቀደም ብሎ ይጀምራል፣ እሱን ሳናይ የእሱ ሥራ ክብደት አይገባንም።

ብሮድዌይና ባሌት በደንብ የተጋቡት በ1936 ነው፣ ባላንሺን «ኦን ዩር ቶስ» ላይ ኮሪዮግራፈር ሲሆን። ባለሪናዋ ታማራ ጌቫ ነበረች። ቀጥላ ቬራ ዞሪና መጣች፣ እሷም ከባሌ ሩስ፣ ከሩሲያውያኑ ተጓዥ ባሌት። እነዚህ ሴቶች ይጫወቱት የነበረው ባዕድ አነጋገር ያላትን ሩሲያዊት ባለሪና ወይም ከሰማይ የወረደች መልአክ ነው። ከባድ ዘፈን አይሰጣቸውም ነበር። ገጸ ባሕርይዋ የተቆረጠችው በልካቸው ነው።

በ1943 ደግሞ ኮሪዮግራፈሯ አግነስ ደ ሚል ለ«ኦክላሆማ» የሠራችውን መንገድ ተመልከቱ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ላውሪ በሕልሟ ወደምትገባበት ባሌት ስንደርስ ዘፋኟ ጆን ሮበርትስ ትወጣለች፣ ካትሪን ሰርጋቫ የምትባል ዳንሰኛ በቦታዋ ትገባለች። ወዳጇ ከርሊም እንዲሁ፤ የሕልሙ ከርሊ የባሌ ሩስ ዳንሰኛ የነበረው ማርክ ፕላት ነበር። አንድ ገጸ ባሕርይ ለሁለት አካል ተከፈለ ማለት ነው፣ አንዱ ይዘፍናል አንዱ ይጨፍራል። ይህ ዘዴ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል፤ ምክንያቱም ሁለቱንም የሚችል ሰው ማግኘት እንደሚከብድ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ይህን ያፈረሰው ኮሪዮግራፈሩ ጀሮም ሮቢንስ ነው። በ1957 «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ላይ የሚጨፍረው፣ የሚዘፍነውና የሚናገረው አንድ ሰው እንዲሆን ጠየቀ። አኒታ ሆና የተጫወተችው ቺታ ሪቬራ የስኩል ኦፍ አሜሪካን ባሌት ተማሪ ነበረች፣ ፌርቻይልድ የተማረበት ቤት ማለት ነው። እሷ ግን ባሌት ኩባንያ ሳትገባ በወጣትነቷ ወደ ብሮድዌይ ስለሄደች ድምፅዋ የተሠራው እዚያው በሥራ ላይ ነው። ፌርቻይልድ በተቃራኒው የሃያዎቹን ዕድሜውን አብዛኛውን ባሌት ላይ ጨርሶ ነው የመጣው። በእኔ ግምት ሁለተኛው መንገድ በጣም ይከብዳል።

---

መቅደላ77

ስለ ትንፋሹ እኔ ልግባበት፣ ብዙ ጊዜ ተሳስቶ የሚነገር ነገር ስለሆነ።

ችግሩ ያለው ሆድ ላይ ነው። ባሌት ክፍል ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚሰማው ትእዛዝ «ሆድ ወደ ውስጥ፣ ጎድን ዝጋ፣ ወገብ ወደ ላይ» የሚል ነው። በፒሩዌት (በአንድ እግር ሲሽከረከሩ) ጊዜ ግንዱ ሳይላላ እንደ አንድ ሆኖ እንዲዞር ያ ውጥረት ግድ ነው። ዘፋኝ ግን አየር ሲያስገባ የታችኛው ጎድን ወደ ጎን መከፈት፣ ሆድም መለቀቅ አለበት። ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ ታች ሲወርድ ከሥሩ ያለው ሁሉ ቦታ ይልቀቅለት ዘንድ ይፈልጋል። ሆዱ ከታሰረ መውረጃ የለውም። ስለዚህ ዳንሰኛው አየሩን በደረቱ አናት ይስባል፤ ትከሻ ይነሳል፣ አንገት ይወጠራል፣ ማንቁርት ወደ ላይ ይወጣል። የሚሰማው ድምፅ አየር የበዛበትና ቀጭን ይሆናል፣ የሐረጉ መጨረሻ ላይ ያለው ቃል ደግሞ ከቅኝቱ ወርዶ ይቀራል።

«እንግዲያው ሆዱን ይልቀቀው» የሚል አስተማሪ አጋጥሟችሁ ይሆናል። ዳንሰኛ ሆዱን ዝም ብሎ ከለቀቀ ወገቡን ይጎዳል፣ በተለይ ሰው ሲያነሳ። የሚያስፈልገው መለየት ነው፦ ከእምብርት በታች ያለው ይዞ ይቆያል፣ ከእምብርት በላይና ጎድኑ ዙሪያውን ይለቀቃል፣ በተለይ ከኋላ በኩል። ጀርባ ላይ መተንፈስ የቻለ ዳንሰኛ ቀጥ ያለ አቋሙ ሳይበላሽ ይዘፍናል።

አሠራሩ በደረጃ ነው። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ «ስ» የሚል ድምፅ በእኩል ኃይል ለ20 ሰከንድ ያህል ማውጣት። ቀጥሎ በቀጭን የመጠጫ ቱቦ ውስጥ ዜማውን ማጉረምረም፤ ይህ የድምፅ አውታሮች ሳይጋጩ እንዲሠሩ ያደርጋል። ከዚያ ቆሞ፣ ከዝግታ ፕሊዬ (ጉልበት ማጠፍ) ጋር። ከዚያ ታንዱ (እግርን ወለል እያስነኩ መዘርጋት) እየሠራ፣ ከዚያ በጣት ጫፍ እየተነሳና እየወረደ፣ በመጨረሻ በዝላይ። በየደረጃው የድምፁ ቀለም ከተቀየረ ወደ ፊት አይኬድም፣ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ዳንሰኞች እዚህ ላይ ነው የሚቸኩሉት፤ ሰውነታቸው ዝላዩን ስለሚችለው ድምፁም የሚችለው ይመስላቸዋል።

ሌላው ቆጠራ ነው። ባሌተኛ በስምንት ይቆጥራል፣ ዘፋኝ በቃል ይሄዳል። ስለዚህ ትንፋሹ ራሱ እንደ አንድ እርምጃ ኮሪዮግራፊው ውስጥ መጻፍ አለበት፣ «በ7 ላይ ተንፍስ» ተብሎ። ያልተጻፈ ትንፋሽ በልምምድ ክፍል ውስጥ በራሱ ይመጣል፤ ተመልካች ፊት ልብ ሲመታ ግን ይጠፋል።

---

ኮቴ

መቅደላ77 ትክክል ብለሃል። እኔ ደግሞ ወደ ታች ልውረድ፣ ወደ ጫማና ወደ ወለል።

የባሌት ወንድ ዳንሰኛ የሚሠራበት ጫማ ለስላሳ ነው፣ ተረከዝ የለውም። ጄሪ ሙሊጋን ግን ከጦርነት የወጣ ወታደር ነው፣ የመንገድ ጫማ ነው የሚያደርገው። ዝቅተኛም ቢሆን ተረከዝ ሲገባ የሰውነት ክብደት ወደ ፊት ይገፋል፣ ፕሊዬው ያጥራል፣ ከዝላይ ሲወርዱ ተረከዙ ከሚጠበቀው ቀድሞ መሬት ይነካል። የሴቶቹ የመድረክ ጫማ ከ5 እስከ 7.5 ሳንቲ ሜትር ተረከዝ አለው። በዚህ ለወራት የሠራች ዳንሰኛ የባቷ ጡንቻ ያጥርና ወደ ባሌት ክፍል ስትመለስ ፕሊዬዋ ይጠብቃል፣ የተረከዝ ጅማቷም ያማታል። መድኃኒቱ ከትርዒት በኋላ ጫማ እንደወለቀ ባትን መሳብ ነው፤ ለነገ ከታደረ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ሶሉ ላስቲክ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ላስቲክ ወለሉን ይይዛል፣ ሰውነት ዞሮ እግር ሲቀር ጠምዛዛው ጉልበት ላይ ያርፋል። ስለዚህ የጫማው ፊት በስስ ቆዳ ይለበጣል።

ሊያን ኮፕ መጨረሻ ላይ ባለው ትልቅ ባሌት በፖይንት ጫማ (በጣት ጫፍ በሚቆሙበት) ነው የምትጨፍረው። የፖይንት ጫማ ጫፍ የሚሠራው ከጨርቅ፣ ከወረቀትና ከሙጫ ድርብርብ ነው። ላብ ያለሰልሰዋል። በባሌት ኩባንያ ባለሪና ለአንድ ረጅም ትርዒት አንድ ጥንድ ብትጨርስ ማንም አይገረምም። በሳምንት 8 ትርዒት ሲሆን ግን ብዙ ጥንዶችን ማፈራረቅ፣ ያደረውን ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ማድረቅ፣ የላላውን ጫፍ ከውስጥ በሙጫ ማጠንከር የየዕለት ሥራ ይሆናል። ሁለት ትርዒት ባለበት ቀን ጠዋት የለበሰችውን ማታ መልበስ አይቻልም፣ ገና እርጥብ ነው።

ወለሉስ? ባሌት ቤት ከሥሩ የሚነጥር እንጨት፣ ከላዩ ቪኒል አለው። የብሮድዌይ መድረክ ላይ የመድረክ ዕቃ የሚሄድባቸው ስንጥቆችና ሐዲዶች አሉ፣ ተረከዝ ይገባባቸዋል። «አሜሪካዊ በፓሪስ» ላይ ደግሞ ዕቃውን የሚገፉት ዳንሰኞቹ ራሳቸው ናቸው፣ እየጨፈሩ። ምስሉ በፕሮጀክተር ስለሚሠራ አንድ መስታወት ወይም አንድ ግድግዳ ከቦታው ግማሽ ሜትር ከራቀ ሥዕሉ ሳይገጥም ይቀራል።

ለዚህ ነው ቁጥሮቹ ያሉት። በመድረኩ የፊት ጠርዝ ላይ መሃሉ 0 ሆኖ በግራና በቀኝ በየ2 ጫማ 2፣ 4፣ 6 እየተባለ ይጻፋል። ባሌተኛ የለመደው መሃልንና ሩቡን በዓይን ገምቶ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር መስመር መጠበቅ ነው። እዚህ ግን «አንተ 6 ላይ ነህ» ከተባለ 6 ላይ ነህ። 8 ላይ ከቆምክ የሚመጣው ግድግዳ ይመታሃል።

---

ሞገድ

የተጻፈውን ሁሉ በአክብሮት አነበብኩ። ግን አንድ ነገር እየተዘለለ ነው። ፌርቻይልድ የተሳካለት ትርዒቱ ለእሱ ስለተሠራ አይደለም ወይ?

ዘፈኖቹን ቁጠሯቸው። የድምፅ ጉልበት የሚጠይቀውን ክፍል የያዙት ሄንሪን የተጫወተው ማክስ ቮን ኤሰንና አዳምን የተጫወተው ብራንደን ኡራኖዊትዝ ናቸው። ጄሪ የሚዘፍነው ቀለል ያለ ነው፣ በንግግር አካባቢ ባለ የድምፅ ከፍታ። መጀመሪያ አካባቢ ረጅም ጭፈራ አለ። ወደ መጨረሻውም ትልቅ ባሌት አለ። ዊልደን ባሌተኛ ነው፣ ለባሌተኛ ልክ ሰፋለት።

እህቱም እንዲሁ። ሜጋን በ2014 «ኦን ዘ ታውን» ላይ አይቪ ስሚዝን ተጫወተች፤ የአይቪ ክፍል በአብዛኛው ጭፈራ ነው። በ2015 ባለሪናዋ ሚስቲ ኮፕላንድ ለሁለት ሳምንት በዚያው ቦታ ገብታ ስትሠራ ያስቻላትም ይኸው ነው። እነዚህን ሰዎች «ሙዚቃዊ ተዋናይ ሆኑ» ከማለት «ሙዚቃዊ ቲያትር ውስጥ ጨፈሩ» ማለት አይሻልም?

---

ሰገነት

ሞገድ፣ ግማሹን እቀበላለሁ። ዘፈኑ በልኩ መሰፋቱ እውነት ነው። ግን ይህ ነውር አይደለም፣ ሙያው እንዲህ ነው የሚሠራው። ለዘፋኝ ተዋናይም የዘፈኑ ቁልፍ (ዜማው የሚነሳበት ከፍታ) በድምፁ ልክ ዝቅና ከፍ ይደረግለታል።

የፈረንሳይዋን ዚዚ ዣንሜርን ውሰድ። የፓሪስ ኦፔራ ባሌት ልጅ ናት። በ1949 ለንደን ላይ በኮሪዮግራፈሩ ሮላን ፔቲ «ካርመን» ገነነች፣ በ1950 ፔቲ እየጨፈረች የምትዘፍንበት ባሌት ሠራላት፣ በ1961 ፓሪስ አልሃምብራ ላይ ኢቭ ሴን ሎራን ባለበሳት ላባ ተከብባ ዘፈነች፣ ፈረንሳይ ሁሉ አወቃት። ድምፅዋ የኦፔራ ድምፅ አልነበረም፤ ወፍራም፣ የፓሪስ ሰፈር ቃና ያለው ነበር። ዘፈኑ ዝቅ ተደርጎ ተጻፈላት፣ ቃሉን በደንብ ስለምትናገርም ሠራ። ማንም «አልዘፈነችም» አላላትም።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አይቪ ስሚዝ ትገባለች፣ ትጨፍራለች፣ ትወጣለች። ጄሪ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሄደውን ታሪክ የሚሸከም ሰው ነው። ሲያወራ፣ ሲያኮርፍ፣ ሲዋሽ፣ ሲወድ ልናምነው ይገባል። የመጨረሻው ባሌት ሲደርስ ደግሞ የደከመ ሰውነት ይዞ የመጀመሪያውን ያህል ንጹሕ መጨፈር አለበት። በባሌት ኩባንያ አንድ ምሽት ላይ ሦስት ወይም አራት አጫጭር ሥራዎች ይቀርባሉ፤ ፕሪንሲፓሉ በአንዱ 25 ደቂቃ ሠርቶ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ነገ ሌላ ሥራ ነው፣ ሌላ ጡንቻ ነው።

---

ኮቴ

እዚህ ላይ የ8ቱን ትርዒት ነገር አጥብቄ ልናገር። ሳምንት ሙሉ አንድ ዓይነት እርምጃ፣ አንድ ዓይነት ማንሳት፣ በዚያው እግር። ባሌት ሰውነትን የሚጎዳው በከባድነቱ ነው፤ ብሮድዌይ የሚጎዳው በመደጋገሙ ነው። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ የሚዞር ሰው ከጊዜ በኋላ አንዱ ዳሌው ሊቆልፍበት ይችላል። ስለዚህ የጠዋቱ የባሌት ክፍል አይቀርም፣ ግን ዓላማው ይለወጣል፦ ትርዒቱ የማይነካውን ጎን መሥራት ነው። ሁልጊዜ በግራ እግር የሚያርፍ ከሆነ ክፍል ውስጥ በቀኙ ይጀምራል።

አዘጋጆቹም ይህን አውቀው ነበር። በሳምንቱ አንዳንድ ትርዒቶች ላይ ሌላ ሊዝ፣ ሌላ ጄሪ ይገቡ ነበር። ከማያሚ ሲቲ ባሌት የመጣችው ሳራ ኤስቲ በሊዝ ቦታ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ባሌት የወጣው ጋረን ስክሪብነር በጄሪ ቦታ። ኋላ ሁለቱ ሥራውን ይዘው በአሜሪካ ከተሞች ዞረዋል።

በዚህ አጋጣሚ፣ ለማያውቁ፦ ተተኪ ሁሉ አንድ አይደለም። ተፈራራቂው አስቀድሞ በታወቀ ቀን ይገባል። ተጠባባቂው ዋናው ሲታመም ወይም ሲቀር ብቻ ይገባል። «ስዊንግ» የሚባለው ግን በጓድ (ከዋናዎቹ ኋላ የሚጨፍረውና የሚዘፍነው ቡድን) ውስጥ ያሉ የብዙ ሰዎችን ቦታ፣ ቁጥር፣ ልብስ ለውጥና የድምፅ መስመር በደብተር ጽፎ ይዞ፣ ከማን ቦታ እንደሚገባ አንዳንዴ ትርዒቱ መሃል ላይ የሚነገረው ሰው ነው። ከባሌት ኮር የመጣ ዳንሰኛ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፣ ብዙ ቦታ ማስታወስ ልማዱ ነውና። የሚሰናከለው የድምፅ መስመሩ ላይ ነው፤ አልቶውን (ዝቅ ያለውን የሴት ድምፅ) የለመደችው ሶፕራኖ (ከፍ ያለው ድምፅ) ቦታ ስትገባ።

---

ከመጋረጃ ጀርባ

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፦ ማይክሮፎን።

ባሌት ላይ ማይክ የለም። ሙዚቃዊ ቲያትር ላይ ጫፉ የሩዝ ፍሬ የምታክል ማይክ ፀጉር መነሻው ላይ ትቀመጣለች፣ ሽቦው በፀጉር ሥር ወደ ኋላ ይወርዳል፣ ማሰራጫው ሣጥን ደግሞ ብዙ ጊዜ ወገብ ላይ ይታሰራል። ችግሩ የባሌት ዱኤት ላይ ወንዱ ሴቷን የሚይዘው እዚያው ወገብ ላይ መሆኑ ነው። ሣጥኑ እጁ ሥር ከገባ ይንሸራተታል፣ እሷንም ይቀጠቅጣታል። ስለዚህ ለጨፋሪዋ ሣጥኑ ዊግ ውስጥ ይገባል ወይም እጅ ወደማይደርስበት ቦታ ይዛወራል። ዊግ ውስጥ ከገባ ደግሞ ስትሽከረከር ራሷ ላይ ክብደት ይጨምራል፤ ስለዚህ ልምምዱ ራሱ ከዊጉ ጋር መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ፒሩዌቷ ከመሃሉ ይወጣል።

ላብ ሁለተኛው ጠላት ነው። አንድ ጠብታ የማይኳን አፍ ሲዘጋ ድምፁ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይሆናል። በብርቱ ለሚጨፍር ተዋናይ ሁለት ማይክ ይደረግለታል፣ አንዱ ሲዘጋ የድምፅ ባለሙያው ወደ ሌላው ይዞራል።

ሦስተኛው ትንፋሹ ራሱ ነው። ባሌተኛ ቁና ቁና ቢተነፍስ ሦስተኛ ረድፍ የተቀመጠ እንኳ አይሰማውም። ማይክ ላይ ግን እያንዳንዱ ማለክለክ እስከ ላይኛው ሰገነት ይደርሳል። የድምፅ ባለሙያው ጭፈራው ሲጀምር ማይኩን ይዘጋል፣ ከመጀመሪያው ቃል በፊት ይከፍታል። ዳንሰኛው ቃሉን ግማሽ ምት አስቀድሞ ከጀመረ የመጀመሪያው ቃል ይጠፋል። በልምምድ ማንም አያየውም፣ መድረክ ላይ ብቻ ነው የሚጋለጠው።

---

መቅደላ77

ከመጋረጃ ጀርባ ባለው ላይ ልጨምር። የዘፈኑ አሠራር ራሱ ይህን ያውቃል። አብዛኛው የጭፈራ ዘፈን መጀመሪያ ይዘፈናል፣ ከዚያ ረጅም ጭፈራ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ ዋናው ሰው አንድ አጭር መስመር ወይም አንድ ረጅም ኖታ ብቻ ይዞ ይዘጋል። የመጨረሻውን ዙር ጓዱ ነው የሚሸፍነው። ከጭፈራ በኋላ ሰውነት በፍጥነት አየር ማስገባት ይፈልጋል፣ ዜማ ደግሞ ቀስ ብሎ ማውጣትን ይጠይቃል፤ ሁለቱ አይታረቁም። ጥሩ ኮሪዮግራፈር ከመጨረሻዋ ኖታ በፊት 8 ወይም 16 ቆጠራ ያህል ዋናውን ሰው ያሳርፈዋል፣ ጓዱ ዓይን እንዲስብ ያደርጋል። ማረፉ እንዳይታወቅ ማድረግ ነው ጥበቡ።

---

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

እናንተ ልጆች፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ብዙ ተማርኩ። እዚህ ዲሲ አካባቢ ልጆቻችን ባሌት ክፍል ብዙ ናቸው። ወደ ሙዚቃዊ ቲያትር መሄድ ለምትፈልግ ልጅ ምን ይቅደም? ለፈተናውስ ምን ይዛ ትሂድ?

---

ኮቴ

እናታችን፣ ከባሌቱ ጎን ታፕ በጊዜ ትጀምር። ባሌት ቁርጭምጭሚትን ቀጥ አድርጎ ይስላል፣ ታፕ ልል ቁርጭምጭሚት ይፈልጋል። ባሌት ብቻ የተማረ ሰው ታፕ ሲጀምር ጣቱን ስለሚወጥር ድምፆቹ ይደራረባሉ፣ አንዱ ከአንዱ አይለይም። ፌርቻይልድ ከታፕ መጀመሩን ሰገነት ያዙልኝ ያለው ለዚህ ይመስለኛል፦ ወደ መሬት መሄድን ሰውነቱ ቀድሞ ያውቀዋል። የታፕ ጫማዋን ብረትም በየጊዜው ይፈትሹላት፣ ብሎኑ ሲላላ ድምፁ ይንኮሻኮሻል፣ ከወጣ ደግሞ ወለል ይቧጭራል፣ ያንሸራትታልም።

በፖይንት ላይ አትቸኩሉ። ዓመታት የሠራ ቁርጭምጭሚትና የጠነከረ እግር ከሌላት አስተማሪው እንቢ ሲል አመስግኑት።

---

መቅደላ77

ለድምፁ፣ እናቴ፣ መጀመሪያ መዘምራን ውስጥ ትግባ። የሌላውን ድምፅ እየሰሙ የራስን መስመር መያዝ ብቻውን በተቀመጡበት አይለመድም። ኖታ ማንበብም ትማር። ባሌተኛ እርምጃ በማየት ስለሚይዝ ዜማንም በጆሮ ብቻ መያዝ ይቀናዋል፤ ሁለተኛ ድምፅ በአንድ ቀን ተማሪ ሲባል ግን ይቸገራል።

ለፈተናው አብዛኛውን ጊዜ 16 ባር (የዜማ ምት ክፍል)፣ ሲረዝም 32 ባር ነው የሚጠየቀው። ኖታው በራሷ ቁልፍ የተጻፈ፣ ከየት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ በጉልህ የተመለከተበት፣ ገጹ በቀላሉ የሚገለበጥ ይሁን። ፍጥነቱን ለፒያኖ ተጫዋቹ ስትነግር በጣቷ አታጨብጭብ፤ የመጀመሪያውን መስመር ዝቅ ባለ ድምፅ ትዘምርለት፣ ያኔ ፍጥነቱም ስሜቱም ይገባዋል። ከሁሉ በላይ የምትችለውን ከፍተኛ ኖታ ለማሳየት ብላ ዘፈን አትምረጥ። ዳንሰኛ ድምፅ ላይ የሚፈለገው ንጹሕ ቅኝትና የሚሰማ ቃል ነው።

---

የአራት ኪሎ ልጅ

በጭፈራው ፈተና ላይ ባሌተኛ የሚወድቀው እርምጃ ስለጎደለው አይደለም። ዓይኑ ነው የሚያስጥለው። በባሌት ቤት ዓይን ከላይኛው ሰገነት በላይ ይመለከታል። እዚህ ግን አጠገቡ ያለውን ሰው ማየት አለበት። እጁም እንዲሁ፦ «ወዴት ነህ?» እያለ ክንዱ ክብ ሠርቶ ከቀረ ሰውየው የሚያወራ ሳይሆን ፎቶ የሚነሳ ይመስላል። ፌርቻይልድን ሳየው የማደንቀው ይህን ነው፤ ከንግግር ወደ ጭፈራ ሲሻገር መገጣጠሚያው አይታይም። ቃሉ ያለቀበት ቦታ ላይ ክንዱ ይጀምራል።

ለእናታችንም አንድ ነገር፦ ዲሲ ለዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለችም። ቺታ ሪቬራ የተወለደችው እዚያው ዋሽንግተን ነው። ሩሲያዊቷ ባለሪና ናታልያ ማካሮቫ በ1983 የምርጥ ተዋናይት ቶኒ የወሰደችበት «ኦን ዩር ቶስ» ወደ ብሮድዌይ ከመሄዱ በፊት የታየው ኬኔዲ ሴንተር ነው፤ እዚያ ከላይ የወደቀ ብረት የትከሻ አጥንቷን ሰብሯት፣ ድና ተመልሳ ነው የተሸለመችው። የፌርቻይልድ የኩባንያ ባልደረባ ቲለር ፔክም በ2014 በዚያው ቤት ሙዚቃዊ ቲያትር ላይ ዋና ሆና ሠርታለች።

---

ሞገድ

ሰገነት፣ መልስህ አሳማኝ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ፌርቻይልድ ከብሮድዌይ በኋላ ወደ ባሌቱ ተመልሶ ነበር፣ በ2017 ነው ጨርሶ የወጣው። መመለሱ ምን ይጠይቃል?

---

ሰገነት

መመለሱ ከመሄዱ አይቀልም። ወራት ሙሉ እግሩን ትይዩ አድርጎ ክብደቱን ወደ መሬት ሲሰጥ የቆየ ሰው፣ እግርን ከዳሌ ወደ ውጭ የሚከፍቱት ትንንሽ ጡንቻዎች ይደክማሉ። ጉልበትና ጭን ግን ከበፊቱ ይበረታሉ። አደጋው ይኼ ነው፦ ብርቱው ጭን የደካማውን ዳሌ ሥራ ይወስዳል፣ እግሩ የተከፈተ ይመስላል፣ ጠምዛዛው ግን ጉልበት ላይ ነው። ስለዚህ ባሩ (የመደገፊያው ዘንግ) ላይ ከሚችለው ያነሰ ከፍቶ ይጀምራል፣ ከዚያ አዳጆ (ዝግ ያለው ጭፈራ)፣ ከዚያ ትልልቅ ዝላይ። ትንንሾቹና ፈጣኖቹ ዝላዮች መጨረሻ ነው የሚመጡት፣ በተለይ ባላንሺን ቤት፣ ፍጥነቱ ተረከዝ ሙሉ በሙሉ ሳያርፍ ስለሚያስነሳ።

ከ2017 በኋላ የመረጣቸውን ሥራዎችም እይ። በዚያው ኖቬምበር በኒው ዮርክ ሲቲ ሴንተር በዊልደን በተዘጋጀው «ብሪጋዱን» ላይ ሃሪ ቢተንን ተጫወተ፣ ብዙ ጭፈራ ያለበት ክፍል ነው። ወዲያው ከብሮድዌይ ውጭ በሆነ ትንሽ ቲያትር የፍራንከንስታይንን ፍጡር ሆነ፣ እዚያ የሚያስፈልገው ትወና ነው፣ የሚወላገድና የሚወድቅ ሰውነት፣ ባሌት የሚከለክለው ሁሉ። በ2019 ደግሞ «ካትስ» ፊልም ላይ መንከስትራፕን ተጫወተ፤ እዚያ ዘፈኑ ስቱዲዮ ውስጥ ቀድሞ አልተቀረጸም፣ ቀረጻው ቦታ ላይ በቀጥታ ነው የተዘፈነው። አንተ «ጨፈሩ እንጂ ተዋናይ አልሆኑም» ላልከው የእኔ መልስ እነዚህ ሦስት ምርጫዎች ናቸው።

---

መቅደላ77

ፊልሙ ላይ በቀጥታ መዘፈኑ ለዳንሰኛ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ ትንፋሹና እንቅስቃሴው አይለያዩም፣ ሰውየው ሲሮጥ ድምፁም የሚሮጥ ሰው ድምፅ ነው። ጉዳቱ አንድ ትዕይንት ከብዙ ማዕዘን ደጋግሞ ሲቀረጽ ያንኑ መስመር በቀን ውስጥ ስንትና ስንት ጊዜ መዝፈን ነው። ለዚህ የሚረዳው በቀረጻዎቹ መሃል ዝም ማለትና ቱቦዋን ይዞ ቀስ ብሎ ማጉረምረም ነው። ማንሾካሾክ እረፍት የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም፣ ድምፅን ያደርቃል።